ጤዛ ነው የለመደችው፦ እስስት ስናሳድግ በውሃ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ እስስት አሳድጋለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማማተብ ነው። ጎረቤታችን እትዬ እስካሁን ከበራችን አልፈው አይገቡም። «ኧረ በጊዮርጊስ! ደህና ዶሮ እያለ ይኼን ነገር የሚቀልብ ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። ሳይሳሳቱ አይቀሩም እንዳልል፣ ዶሮ ቢያንስ ከሳህን ትጠጣለች።

የኔው የየመን ዝርያ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ የሄደ፣ በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገ። አናቱ ላይ ቆብ የመሰለ ጉብታ አለው፤ አረማመዱም ዝግ ያለ ነው። የሰፈር ልጆች «መነኩሴው» አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። (እናንተ ግን ግቢያችሁ ዘይቱን ላይ ያገኛችኋትን እስስት እዚያው ተዉአት። የዱር እንስሳ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ከዱር የተያዘች ደግሞ በጭንቀትና በሆድ ትል ቶሎ ትጎዳለች።) አብረን ስንኖር ሁለት ጊዜ ታሞብኛል። ሁለቱም ጊዜ ሰበቡ ውሃ ነው። ውሃውን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሳህኑን እናንሳ። እኔም የጀመርኩት በሱ ነው። ንጹሕ ውሃ በሻይ ሳህን አድርጌ ከሥሩ አኖርኩለት። ሁለት ቀን ዞር ብሎ አላየውም። እስስት የረጋ ውሃን ብዙ ጊዜ ውሃ ነው ብላ አትቆጥረውም። በተፈጥሮዋ የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያደረ ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። የሚስባት ብልጭታውና እንቅስቃሴው ነው። በሦስተኛው ቀን የዘይቱን ቅርንጫፍ ውሃ ነክሬ አንጠለጠልኩለት። አንዱ ዓይኑ ወደ ቅጠሉ ዞረ፤ ሌላኛው እኔን ይጠብቃል። ጠብታዋ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ወፍራ ልትወድቅ ስትል አፉን ገጠማት። ከዚያ እንደሚያላምጥ ሰው መንጋጋውን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠጣ። ሳህኑ ያተረፈልኝ ሁለት የሰመጡ ፌንጣዎች ብቻ ነው።

ሁለተኛው መጋት ነው፤ በጣም የሚቆጨኝም እሱ። እኛ አልበላም አልጠጣም ያለን ፍጥረት ስናይ እጃችን ወደ መጋት ይሄዳል። ሕፃን ጋትን፣ ግልገል ጋትን፣ እስስት ምን ይላታል? በመጋቢት ሙቀት ዓይኑ ጎድጎድ ብሎ አየሁትና ደነገጥኩ። በአንድ እጄ ያዝኩት፣ አፉን አስከፈትኩት፣ ውሃ የሞላ ሲሪንጅ ገፋሁበት። ወዲያው ትን አለው። የእስስት የአየር መግቢያ ቀዳዳ ከአፏ ግርጌ ፊት ለፊት ነው። በግድ የተገፋ ውሃ ሆድ ከመድረሱ በፊት ሳንባ ያገኛል። ከቀናት በኋላ መነኩሴው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ። ከከንፈሩ ጥግ አረፋ ይወጣል። ስጠጋ ሲር ሲር የሚል ድምፅ እሰማለሁ። የእንስሳት ሐኪም ጋ በካርቶን ይዤው ስሄድ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ በሬና ጊደር ይዟል። ሐኪሙ ሳቀ። ግን አከመልኝ፤ ዳነም። እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ እናንተም አታመንቱ፣ ሰው ይሳቅ።

እንግዲህ ውሃ የሚሰጠው በማንጠብጠብ ነው። እኔ ሆስፒታል ግሉኮስ የሚሰቀልበትን ቀጭን ቱቦ፣ አዲሱን ከነማሸጊያው ከፋርማሲ ገዛሁ። ከላይ ውሃ የያዘ ዕቃ ሰቀልኩ፤ ቱቦው ቅጠል ላይ ያንጠባጥባል። ፍጥነቱን ራሱ ላይ ባለችው መዘውር በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ አደርገዋለሁ። ከሥር ባልዲ አለ። ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መጠጣትና አለመጠጣት የሱ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ መርጨቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ቀትር ላይ ስለሞቀን እሷም የሞቃት ይመስለንና እንረጫለን። ጤዛ ግን ቀትር ላይ ወርዶ ያውቃል? የየመን ተራሮች ሌሊት ጉም ይለብሳሉ፣ ቀን ይደርቃሉ። የኛም የጥቅምት ጠዋት እንደዚያው ነው፤ ሣሩ ላይ እግር የሚያርሰው ጤዛ ፀሐይ ስትጠነክር ይጠፋል። እስስትም በዚያ ልክ ነው የተሠራችው። ሙቅ አምፑል በርቶ ቤቷ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሲሆን ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ የሳንባ ሕመም ይከተላል። ስለዚህ የምረጨው ሁለት ጊዜ ነው። ማታ 1 ሰዓት መብራቱ ሲጠፋና ንጋት 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ መብራቱ ሳይበራ። የእርጥበት መለኪያው ቀን ከ30 እስከ 50 ከመቶ፣ ሌሊት ከ80 በላይ ሲል ደስ ይለኛል። ሌሊቱ ደግሞ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፣ ከ20 ዲግሪ በታች። በበጋ ሌሊት ጎጃም ይህን ያለ ክፍያ ይሰጣችኋል፤ ደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ካልወረዳችሁ በቀር።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ልማድን አለመቀየር አለ። ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ ልብስ ሁለት ቀን አይደርቅም። እኔ በግንቦት ልክ መርጨቴን ቀጠልኩ። እንጨቱ ሻገተ፣ የቤቱ ወለል ሸተተ። ሁለተኛው ሕመሙ ከዚያ የመጣ ነው። በክረምት አንዳንዴ የማታውን እዘላለሁ። ቅጠሉ በሁለት ርጭት መካከል መድረቅ አለበት።

የመስታወት ሳጥን እርጥበት ይይዛል ብለው የሚገዙ አሉ። ይይዛል፤ የታፈነ አየርም ይይዛል። አናጢ ጋ የእንጨት ፍሬም አሠርታችሁ የትንኝ ወንፊት ማልበስ ይሻላል። አምፑል ላይ አትርጩ፤ የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል፤ ኤሌክትሪኩም ቀልድ አያውቅም።

መርጫው ራሱ ጣጣ አለው። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት አዲስ ግዙ። የተባይ መድኃኒት ወይም በረኪና የነበረበትን ዕቃ «አጥቤዋለሁ» ብላችሁ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ያስቀራል። አፉን እንደ ጉም እስኪረጭ አጥብቡት። በቀጥታ ፊት ላይ የሚወረወር ውሃ እስስትን ያስጨንቃታል፤ ዓይኗን ጨፍና ትሸሻለች። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የመጀመሪያ ዝናብ የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ተዉት። ፍሪጅ የገባም አይሆንም።

በቂ ይጠጣ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ ለምትሉ፦ ኩሱን እዩ። ከጠቆረው ጋር አብሮ የሚወጣ ነጭ ክፍል አለ። ነጭ ከሆነ ሰላም ነው፤ ጫፉ ትንሽ ቢጫ ቢልም አያስፈራም። ሙሉ በሙሉ ብርቱካንማ ሆኖ ከደረቀ ውሃ አንሶታል። ቀን ላይ የጎደጎደ ዓይንም ምልክት ነው፣ ግን ሌላ ሕመምም ዓይን ያጎደጉዳል። ሁለቱን አብራችሁ ተመልከቱ።

መጨረሻ የተማርኩት ሰው ላይ ጥሎ መሄድን ነው። ባለፈው ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ነበረብኝ፣ ሦስት ቀን። መርጫውን ለእትዬ የልጅ ልጅ ሰጥቼ «ጠዋትና ማታ» ብዬው ሄድኩ። ስመለስ ወለሉ ኩሬ ሆኗል፣ መነኩሴው ወንፊቱ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ቀለሙን በቀየረ ቁጥር ጠምቶት መስሎኝ» አለኝ። አሁን መርጫው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ሰዓቱን ጽፌበታለሁ። ከሥሩ ደግሞ «አሥር ጊዜ ብቻ» ይላል። ልጁ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይረጫል፤ አያቱ ከአጥሩ ማዶ ሆነው አብረው ይቆጥራሉ።