ቦርድ ስትጠብቁ «ደህና ነኝ» አትበሉ

ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ ማሽን ቀኝ እጄን ይዞ አመልካችና መሃል ጣቶቼን ወሰደብኝ። የጉዳቴን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ፊት እስክቀርብ ከአምስት ወር በላይ ጠበቅሁ። ለዚሁ ጉዳይ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስምንት ጊዜ ወጥቼ ደሴ ገብቻለሁ። አራቱን ጊዜ «ሐኪሞቹ አልተሟሉም» ተብዬ ባዶ እጄን ወረድሁ፤ ስምንተኛውን በኋላ እነግራችኋለሁ። ቀጠሮውን ማሳጠር አልቻልሁም። እየጠበቅሁ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ግን ዘግይቼም ቢሆን ገብቶኛል።

አደጋው እንደደረሰ አሠሪው የሚሞላውን ሪፖርት ሳታነቡ አትፈርሙ። ቀኑ፣ ፈረቃው፣ ማሽኑና ያዩ ሰዎች ስም ይኑርበት። የእኔ ላይ «በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ሐረግ ገብቶ ኖሯል። ቀኝ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ በግራዬ ስለፈረምሁ ፊርማዬ ራሱ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሕፈት ይመስላል። ካልተስማማችሁ ከፊርማችሁ በላይ «አልስማማም» ብላችሁ ጻፉ።

ወደ ቦርዱ የሚመራችሁን ደብዳቤ በሰው አትላኩ። ራሳችሁ ወስዳችሁ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቁጥሩንና ቀኑን በቅጂው ላይ አስጽፉ። ያለ ቁጥር ሄዶ የሚጠይቅ ሰው «ይፈለጋል» ይባላል እንጂ አይፈለግለትም። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁንም አትጣሉ። በ2014 ጦርነት የፋብሪካው የሠራተኛ ማኅደር ስለጠፋ፣ የተቀጠርሁበትን ጊዜ ያስረዳሁት እናቴ በወተት ቆርቆሮ ባስቀመጠችልኝ ወረቀት ነው።

አሁን ገንዘቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ከጉዳቱ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ከዚያ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶውን ከአሠሪው ያገኛል። ከ12 ወር በኋላ ቦርዱ ቢቀመጥም ባይቀመጥም ክፍያው ይቆማል። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር የሚያልቀው የእናንተ ወር ነው። ያው አዋጅ የጉዳቱ መጠን በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ይላል። እኔ ይህንን ጠቅሼ የጻፍኋት አንድ ገጽ ማመልከቻ ከአራት ጉዞ ልመና የበለጠ ሠርታልኛለች።

ከሁሉም የጎዳኝ ግን ምላሴ ነው። ለክትትል በሄድሁ ቁጥር ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ይለኛል፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። ወሎዬ ሌላ ምን ይላል? ሐኪሙም ካርዴ ላይ «ደህና ናት» ብሎ ይጽፋል። ቦርዱ የሚያየው ደግሞ ያንን ካርድ ነው። ምስጋናችሁን ለአላህ አድርሱ፤ ለሐኪሙ የማትችሉትን ንገሩት።

እኔ በመጨረሻ ደብተር ገዝቼ የማልችለውን በየቀኑ መጻፍ ጀመርሁ። ጀበና ሳነሳ ይንሸራተተኛል፤ ሽንኩርት የምትከትፍልኝ ልጄ ናት፤ ብርድ ሲሆን የተቆረጠው ቦታ እስከ ክርኔ ይነዝረኛል። ቦርድ ስቀርብ ከቦርሳዬ የተበጠሰ ክር አወጣሁ። ክር መቋጠር የአውራ ጣትና የአመልካች ጣት ሥራ ነው፤ ድሮ ሳላይ እቋጥረው ነበር። ሦስቱ ሐኪሞች ፊት በአውራ ጣቴና በቀለበት ጣቴ ሞከርሁ፤ ክሩ ወደቀ፤ አነሳሁት፤ እንደገና ወደቀ። አንደኛዋ ሐኪም «በቃ እህቴ» አለችኝ።

ከቦርዱ የምትጠብቁት የጉዳት መቶኛ ትርጉም አለው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጉዳቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ከጡረታ የሚገኝ ነገር የለም። 10 እና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት ከቻላችሁ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለ። ለዘለቄታው መሥራት ካልቻላችሁ ደግሞ የመሠረታዊ ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ ይከፈላል።

ለጉዞው፦ በዋዜማው ደውላችሁ ቦርዱ መቀመጡን አረጋግጡ፤ ጋቢ ያዙ፣ የኮምቦልቻ ልብስ ደሴ ላይ አያሞቅም። የውሳኔውን ወረቀት ደግሞ ከመስኮቱ ሳትርቁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። እኔ በደስታ አጥፌ ቦርሳዬ ከትቼው ወረድሁና ማታ ልጄ ስታነብልኝ የተጎዳው «ግራ እጅ» ተብሏል። ስምንተኛው ሐረጎ ለእሱ ነበር።