ወላጆቻችሁን ስለ ነፍሳቸው በሕይወት ሳሉ እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ጎንደር ላይ ሰው አቁማችሁ «ከሞት በኋላ ሕይወት አለ?» ብትሉ መልሱ ይታወቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «እንዴታ!» ይላችኋል። ይህ እምነት አኗኗርን ይለውጣል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቤን ይዤ ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ። እምነቱ ሰውን ሲያስታርቅ አይቻለሁ፤ ከአፍ ሳያልፍ ሲቀርም አይቻለሁ።

አንድ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፤ ያሳዝነኛል። እናት ዕድሜዋን ሙሉ ለወዲያኛው ዓለም ስትዘጋጅ ኖራለች። ጾማለች፣ ዘክራለች፣ ለነዳያን እጇን ዘርግታለች። ልጆቿ ግን አንድም ቀን ምን እንደምትፈልግ አልጠየቋትም። ስትሞት ግምት ይጀመራል። አንዱ «እማዬ እንዲህ ትወድ ነበር» ይላል፤ ሌላው «ኧረ በፍጹም!» ይላል። መጨረሻ ላይ ተበድረው ትልቅ ድንኳን ይጥላሉ፤ ዕዳው ደግሞ ከሙት ዓመቱ በኋላም ይከፈላል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ሳይደርስባቸው በፊት ላሉ ልጆች ነው።

መቼ ይጠየቃል?

ሐኪም ቤት አልጋ ላይ አይጠየቅም። በዚያ ሰዓት ጥያቄው «ልትሞቺ ነው» ማለት ይሆናል። ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ጊዜ ኖሮት ነው መጠየቅ ያለበት።

ጥሩው አጋጣሚ ከለቅሶ የተመለሱ ዕለት ነው። እናቶች ቡና ላይ ራሳቸው ይጀምሩታል። «እኔ ስሞት እንዲህ ያለ ጩኸት አልፈልግም» ይላሉ። እኛ ደግሞ ወዲያው «ኧረ አታሟርቺ! ክፉ አይንካሽ!» ብለን አፋቸውን እናስይዛለን። ፍቅር ነው፤ ግን በሩን የምንዘጋው እኛ ነን። በዚያን ጊዜ «እሺ እማዬ፣ እንዴት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ሌላው የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ፣ ደብረ ዘይት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስለ ጌታ ዳግም መምጣትና ስለ ፍርድ ይነገራል። «ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል» የሚለው ቃል ገና በጆሮ ላይ ነው። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለትም እንዲሁ። የዚያን ዕለት የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይተረካል። ሰው ሲበላ የኖረ፣ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በፍርድ ሚዛን ላይ ያቺ ጥርኝ ውሃ አዳነችው። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ በበጋ ደጃፋቸው ላይ የውሃ ጀሪካንና ኩባያ አይጠፋም። ድንጋይ የሚሸከሙ የቀን ሠራተኞች ቆም ብለው ይጠጣሉ። ለምን እንደሚያስቀምጡ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ይህንኑ ታሪክ ነው። እምነት ኑሮን ይለውጣል ወይ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ያንን ጀሪካን ነው።

ዝምተኛ አባት ካላችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዛችኋቸው ሂዱ። ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት በየአቅጣጫው ቁልቁል ያያሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰይጣን ከነእሳቱ አለ። ደርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር አረፍ በሉ። ቤት ውስጥ የማይናገር ሰው እዚያ ይናገራል።

ምን ይጠየቃል?

«ገነት የምትገቢ ይመስልሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ያ የእግዚአብሔር ነው። የሚጠየቀው በእጅ ያለው ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ቂምን ጠይቁ። «ያዘንሽበት ወይም ያዘነብሽ ሰው አለ?» ይህችን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ። ቤት፣ መሬትና ገንዘብ ከሞት በኋላም መልክ ይይዛሉ። ዕርቅ ግን ሁለቱም ሰዎች በሕይወት ካልኖሩ አይሆንም።

የእድራችን አባል የሆኑ አንድ አዛውንት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። በአንድ ለቅሶ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ልጃቸው ናት የጠየቀቻቸው። «አባየ፣ ይህን ነገር ይዘው ሊሄዱ ነው?» አለቻቸው። አባቷን አንቱ ብላ የምትጠራ ልጅ ናት፤ ስትጠይቅም ዓይኗን ሰብራ ነው። ለቀናት አልመለሱላትም። በኋላ ራሳቸው የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ፣ ሽማግሌ ላኩ። ወንድምየው በሚካኤል ዕለት መጣ። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ተሸጠ፤ ገንዘቡ እኩል ተካፈለ። አዛውንቱ «ፈጣሪዬ ፊት ቆሜ ስለ ባሕር ዛፍ ልከራከር?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኚህ ሰው የሰማዩን ዳኛ ባይፈሩ ኖሮ ይታረቁ ነበር? አይመስለኝም። ፍርድ ቤቱም ቀበሌውም ሞክሮት ያልሆነ ነገር ነው።

ቀጥሎ ዕዳ። ትንሽም ትልቅም። ከሱቅ የተወሰደ ዱቤ፣ ከጎረቤት የመጣ ጤፍ፣ ያልተከፈለ ዕቁብ። በዚህ ነገር አዲስ ዓለም ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጣም ጥንቁቅ ናቸው። በቀብር ላይ «ከሟች ላይ ዕዳ ያለው ወደ እኛ ይምጣ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በሃይማኖታቸው ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳ ይከፈላል፤ ኑዛዜም ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም። ሰው ሲሞት ሥራው የሚቋረጠው ከሦስት ነገር በቀር ነው ይላሉ፤ እነሱም የማይቋረጥ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንዱ ልጅ በአባቱ ስም የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው። ሙስሊም አንባቢዬ፣ የእርስዎ ጥያቄ ታዲያ «አባባ፣ ሰደቃዎ የቱ ላይ እንዲውል ይፈልጋሉ?» ይሁን።

ስለትም አይረሳ። አሮጊቶችን እንቅልፍ ከሚነሳ ነገር አንዱ ያልተከፈለ ስለት ነው። «ልጄ ከዘመቻ ከተመለሰ ጥላ አስገባለሁ» ብለው ተስለው፣ ልጁ ተመልሶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጥላው ግን ሳይገባ ቀርቷል። ይህን ከሞቱ በኋላ አትክፈሉላቸው። ዛሬ ጥላውን ገዝታችሁ ለእጃቸው ስጡ። ስለቱ ለቁስቋም ከሆነ ኅዳር 6 በባጃጅ ዳገቱን አውጧቸው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብር ነው፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው አጠገቡ ሠሩ፣ ዐፅማቸውም እዚያው አርፏል። የጎንደር ነገሥታት የወዲያኛውን ዓለም እያሰቡ ደብር ተከሉ፤ 44 ታቦት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የእናታችሁ ጥላም ከዚያው ሐሳብ የወጣ ነው።

የነፍስ አባታቸው ማን እንደሆኑና የት መቀበር እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ይህ አጭር ነው፤ ጽፋችሁ እለፉ።

ተዝካርን በተመለከተ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። በሥርዓታችን ሙት የሚታሰብበት ቀን ብዙ ነው፤ ሣልስት፣ 7፣ 12፣ 30፣ 40፣ 80፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ብዙ ቤት ዋናውን ተዝካር በ40 ወይም በ80 ያወጣል። የእምነቱ ፍሬ ነገር ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ለድሃ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ድንኳኑ፣ የቢራው ሳጥን፣ የሚታረደው በሬ ብዛት፣ «የእገሌ ተዝካር ከዚህ ይበልጥ ነበር» የሚባለው ደግሞ የሰው ዓይን ነው። ለሰው ዓይን ብሎ የእርሻ በሬውን የሸጠ ገበሬ ስንት አለ! ነፍስ በዕዳ ትማራለች የሚል የነፍስ አባት እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ «ስንት ሰው እንጥራ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማን እንዲበላልሽ ትፈልጊያለሽ?» በሉ። መልሱ ይገርማችኋል። አብዛኞቹ እናቶች ነዳያንንና የቆሎ ተማሪዎችን ነው የሚጠሩት። የኛ ከተማ በዚህ የታደለች ናት። በአታ ለማርያም ደብር የአቋቋም፣ ማለትም በጸናጽልና በመቋሚያ የሚዘመረው ዜማ፣ መምህራን ወንበር ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች አሉበት። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጃችን የሚቆሙት ልጆች እንዲህ ካሉ ጉባኤ ቤቶች ነው የሚመጡት። ወደ አንዱ መሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የኔታን አነጋግሩ። ስንት ተማሪ እንዳለ፣ በየትኛው ሰዓት ከትምህርት እንደሚያርፉ ጠይቁ። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ በሽሮና በአትክልት ይሠራል። ድፎ ዳቦ ለመቁረስና ለመሸከም ቀላል ነው፤ ጠላ ግን ከታሰበ ብቅሉና ጌሾው ቀደም ብሎ ይዘጋጅ።

ከሁሉ የምወደው ደግሞ የቁም ተዝካር ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ የራሱን ተዝካር ያወጣል። በተለይ ልጅ የሌላቸው ሰዎች ያደርጉታል። በእድራችን አንዲት መካን እናት በጉልበታቸው ሳሉ አወጡት። ካህናቱ ጸለዩ፤ እሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው እየዞሩ ዳቦውን በእጃቸው አደሉ። «ለማን እንደደረሰ አየሁት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የነበራቸው ጭንቀት ሁሉ ቀለለ፤ ሲያርፉም እድሩ ቀብሩንና ጸሎቱን ብቻ ነው ያስፈጸመው። ሞት መጥራት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ አትከራከሩት፤ የነፍስ አባት ያስረዱት። ልጅ ላላቸውም ቢሆን የቁም ተዝካርን እመክራለሁ። ወላጅ የሚያምንበትን ነገር በገዛ እጁ ሲያደርገው ማየት ለልጅም ትልቅ ነገር ነው።

«ገና ነኝ» ካሉስ?

ይሄም ያጋጥማል። ከሞት በኋላ ፍርድ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ሁሉ ዛሬውኑ አይነሣም። ቅዳሴ ላይ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የሚሰለፉትን ተመልከቱ። ሕፃናትና ሽማግሎች ናቸው የሚበዙት። መካከሉ «ሳረጅ እደርስበታለሁ» እያለ ያስቀድሳል። በዚህ በኩል እምነቱ ኑሮን አይለውጥም፤ ያስቀጥራል እንጂ። ይህን ስል አዝናለሁ፤ ግን እውነት ነው።

እንዲህ ካሏችሁ አትጫኑ። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ያዙ፤ አንድ ዕዳ ወይም አንድ ዕርቅ። እሱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይመጣል።

እናንተ ራሳችሁ ከሞት በኋላ የሚባለውን የማታምኑ ብትሆኑም መጠየቅ ትችላላችሁ። የእህቴ ልጅ እንዲህ ነው። ከአያቱ ጋር ስለ ገነት አይከራከርም። እሷ «ይህ ቢደረግልኝ» ያለችውን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ወፍጮ ቤት የቀረባትን ሂሳብ ሄዶ ይከፍላል። እሱ የሚያምነው በእሷ ቃል ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ወረቀቱ

የነፍሱን ነገርና የንብረቱን ነገር በተለያየ ወረቀት ጻፉ። የነፍሱ ሕግ አያስፈልገውም። ቀብሩ፣ ተዝካሩ፣ ምጽዋቱ፣ ይቅርታው ተራ በተራ ይጻፍ።

የንብረቱ ኑዛዜ ግን ፎርም አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት እናታችሁ ራሷ የምትጽፍ ከሆነ ሙሉው በእጇ ጽሕፈት ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑ ይገለጽ፣ ቀን ይኑረው፣ በየገጹ ትፈርም። መጻፍ ካልቻለች ሌላ ሰው እሷ እንደተናገረችው ይጽፋል። ከዚያ በእሷና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይህም መደረጉ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ እሷም ምስክሮቹም እዚያው ወዲያው ይፈርማሉ። ምስክሮቹ ወራሽ ያልሆኑ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሰዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ።

የነፍሱን ወረቀት አንዱን ቅጂ ለነፍስ አባት፣ አንዱን እናታችሁ ለምታምነው ልጅ ስጡ። ዋናው እሷ ዘንድ፣ ከጸሎት መጽሐፏ ጋር ይቀመጥ። በዓመት አንድ ጊዜ አንብቡላት፤ ሐሳቧን ቀይራ ይሆናል። አዲስ ከተጻፈ አሮጌውን ከሦስቱም ቦታ ሰብስባችሁ ቅደዱት።