ብረቱን አልብሱት

ልጅ ሆኜ አባቴ ማረሻ ሊያስል ቀጥቃጭ ቤት ሲሄድ እከተለው ነበር። ወናፉ ሲነፋ ብረቱ ይቀላል፤ የቀላ ብረት ደግሞ እንደተመታበት ይታጠፋል። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የብረት ሕንፃ ስሠራ፣ ባለቤቶች «ብረት አይቃጠል፣ ምን ያሰጋል?» ሲሉኝ የማነሣላቸው ያንን ማረሻ ነው። ብረት ለመቅለጥ 1,500 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ፎቅ ለመጣል ግን መቅለጥ የለበትም። 600 ዲግሪ አካባቢ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። የስፖንጅ ፍራሽ የተከመረበት መጋዘን ሲነድ ከዚያ ያልፋል።

ስለዚህ ብረቱን ከእሳት ሙቀት የሚከልል ልብስ አልብሱት። ከኮለኖቹ፣ ማለትም ከምሰሶዎቹ ጀምሩ፤ ኮለን ከታጠፈ በላዩ ያለው ሁሉ ይከተለዋል። ቀጭን ብረት ቶሎ ስለሚግል፣ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) የኤች ፊደል ቅርጽ ካለው ወፍራም ብረት የበለጠ ልብስ ይፈልጋል።

እኔ አብልጬ የማምነው አርማታን ነው። በኮለኑ ዙሪያ የሽቦ መረብ እሰሩ፣ ካሳፎርማ (አርማታው የሚፈስበትን ቅርጽ) ግጠሙ፣ በየጎኑ 5 ሳንቲም ያህል ሙሉ። መረብ ከሌለው አርማታው በሙቀት ተሰንጥቆ ይረግፋል። ክብደት ስለሚጨምር መሐንዲሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቱቦላሬውን ውስጥ በአርማታ ከሞላችሁ ግን ከላይና ከታች ቀዳዳ ተዉለት፤ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ብረቱን ይቀደዋል።

ክብደቱ ካልተፈቀደ ጅብሰም ቦርድ አለ። ከጅብሰም ክብደት አምስተኛው ያህል ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ብረቱ ብዙም አይግልም። ሁለት ድርብ አድርጉት፣ መጋጠሚያዎቹ አይደራረቡ። ብዙ ሰው ኮርኒስ ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ እባካችሁ እስከ ላይ ድረስ ውሰዱት፣ እሳቱም ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛው ልብስ በሙቀት አብጦ ብረቱን የሚከልለው ቀለም ነው። ተራ የዘይት ቀለም ይህን አይሠራም። ብረቱን ከዝገትና ከቅባት አጽዱ፣ ከቀለሙ ጋር የሚስማማ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ፣ ውፍረቱን በአምራቹ ሰንጠረዥ መሠረት ለክታችሁ አረጋግጡ። ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ እያለ፣ ቀኑ አልቆብኝ እርጥብ ብረት ላይ ቀባሁ። በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ሁሉንም ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ብረቱን በእጄ ዳብሼ እርጥበት ከተሰማኝ ቆርቆሮውን አልከፍትም።

ኤሌክትሪሺያኑና የቧንቧ ሠራተኛው ጨርሰው ሲወጡ መሰላል ይዛችሁ ተመለሱ። የቧንቧ ማሰሪያ ሲበየድ የተፋቀውን፣ ሽቦ ለማሳለፍ የተበሳውን ሁሉ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ድፈኑ።