የጦርነት አጭር ልብወለድ እንዴት ይጻፋል? ከአዳማ ሳትወጡ

የካቲት ሲቃረብ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ በጦርነት ጽሑፍ ይሞላል። ግጥም፣ ጭውውት፣ አጭር ልብወለድ። አብዛኛው ይመሳሰላል። መድፍ ያገሳል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ ጀግናው ባንዲራውን ታቅፎ ይወድቃል። ይጨበጨባል። በማግስቱ ማንም አያስታውሰውም።

ቢሆን አይገርምም። ጸሐፊው የ16 ዓመት ልጅ ነው። ጦር ሜዳ አያውቅም፤ አለማወቁም ተመስገን ነው። ስለዚህ ፊልም ላይ ያየውን ይጽፋል። ግን ጦርነት ግንባር ላይ ብቻ አይውልም። አዳማም ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ በቀረ ባቡር፣ በቀበሌ ወረፋ፣ በመርዶ። በዚያ በኩል መግባት ይቻላል። አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ጦርነቱን ስትመርጡ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ሰው ፈልጉ

ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያየ ሰው የለም። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ያኔ 18 ዓመት የነበረው ዘማች ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከ100 በላይ ነው። ስለ ሁለቱ የምታገኙት ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ደግሞ ስለ ራስና ደጃዝማች ብዙ ይላል፤ ስንቅ ስለቋጠረችው ሴት ግን ብዙም አይልም።

የኦጋዴኑ ጦርነት ሌላ ነው። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ገባ። ጅጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጦር እጅ ተመለሰ። ያኔ 20 ዓመት የነበረ ሰው ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ምናልባት የሰፈራችሁ እድር ዳኛ ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ይህን ጦርነት እመርጣለሁ።

የቅርቡን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመውን የሰሜኑን ጦርነት ልጻፍ የሚል ይኖራል። አትጻፉ አልልም። ግን አዳማ የሁሉም አገር ሰው ያለባት ከተማ ናት። አብሯችሁ ዴስክ ላይ የተቀመጠው ልጅ አጎቱን በሌላኛው ወገን አጥቶ ይሆናል። ከጻፋችሁ ከቤት ውስጥ ጻፉት። ታሪኩ ካልጠየቀ በቀር ብሔር አትጥሩ።

ጣሊያንን አልተውም ላለ ደግሞ አዳማ ላይ ቁም ነገር አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በባቡር ወጡ። ሐዲዱ በዚህች ከተማ ነው የሚያልፈው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የዚያን ባቡር ማለፍ ያየ አንድ የጣቢያ ዘበኛ አስቡ። ንጉሡ ውስጥ እንዳሉ አያውቅም፤ ወይም ያውቅና አያምንም። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ቆቃም አለላችሁ። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ልጁን በጣሊያን ያጣ ሽማግሌ በካሳው የበራ አምፖል ሥር ቁጭ ብሎ ራቱን ሲበላ አንድ ሙሉ ታሪክ ነው።

2. ከተማዋን ወደ ጊዜዋ መልሷት

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሰንፋል። በ1970 ዓ.ም. የከተማዋ መደበኛ ስም ናዝሬት ነበር። ገጸ ባሕርያችሁ አውቶቡስ ተራ ላይ «አዳማ! አዳማ!» የሚል ረዳት ከሰማ ታሪኩ ተበላሸ። ቤት ውስጥ በኦሮምኛ ሲያወሩ ግን አዳማ ቢሉ ልክ ነው። ባጃጅ የለም፤ ጋሪ ነው። ስልክ በየኪሱ የለም። ወሬ የሚመጣው በሬዲዮ፣ በደብዳቤና ከመንገድ በተመለሰ ሾፌር አፍ ነው። ቀበሌ አለ፤ ከአዋጁ ከሐምሌ 1967 ወዲህ የመጣ ስለሆነ ገና አዲስ ነው።

ሌላም ነገር አትርሱ። 1969 እና 1970 የቀይ ሽብር ዓመታትም ናቸው። ወጣት ልጅ ዘመተም ቀረም እናቱ እንቅልፍ የላትም። «ልጄ ለምን ዘመተ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የእናት አገር ጥሪ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጥሪው ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ታወጀ። ሚሊሺያው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰለጠነ። አንዱ ወዶ ሄደ፣ አንዱ በግድ፣ አንዱ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ከሚፈልገው ሰው ለመራቅ። የእናንተ ልጅ የትኛው እንደሆነ ሳትወስኑ መጻፍ አትጀምሩ።

መሣሪያም ዘመን አለው። የኢትዮጵያ ጦር እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የአሜሪካ መሣሪያ ነበር የያዘው። የሶማሊያው ደግሞ የሶቪየት። ከዚያ ሶቪየት ወደ ኢትዮጵያ ዞረች፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ስለዚህ የነሐሴ 1969 ወታደርና የየካቲት 1970 ወታደር አንድ ዓይነት ነገር አይዙም። ማይጨው ላይ ክላሽ ያስያዘ ሰው ደግሞ ታሪኩን ባያነብልን ይሻላል። ክላሽ የተሠራው ከዚያ ጦርነት ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ቀን ስትገለብጡ ተጠንቀቁ። በውጭ አገር ሰው የተጻፈ ነገር ካነበባችሁ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ዓመት ይቀነሳል።

3. አንድ ሰው፣ አንድ ትንሽ ጉዳይ

ጀነራል አትምረጡ። ጀግናም አትምረጡ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ልብወለድ በኤርትራ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ታሪክ ነው፤ ዋናው ሰው ግን ጋዜጠኛ ነው። ብዙውን የምናየው በእሱ ዓይን ነው።

ለእናንተ አንድ ሐሳብ ላውሳችሁ። በ1969 ማብቂያ ገደማ በምሥራቅ በኩል የባቡሩ ድልድዮች ተመትተው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ናዝሬት ጣቢያ ለመንገደኛ የተቀቀለ እንቁላል ትሸጣለች። ወንድሟ ዘምቷል። ከድሬዳዋ የሚመጣ ባቡር ግን የለም። የምትፈልገው ቀላል ነው፤ እንቁላሉ ሳይበላሽ መሸጥ። በቃ። ስለ ወንድሟ አታስቡ፤ የእሱ ነገር በራሱ ጊዜ ታሪኩ ውስጥ ይመጣል።

ትንሹ ጉዳይ ለምን ይጠቅማል? ሰው በጦርነት ጊዜም የሚያስበው ስለ ዱቄትና ስለ ጫማ ስለሆነ ነው። አንባቢው እንቁላሉን ተከትሎ ሲሄድ ጦርነቱ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

4. ጠይቁ፤ ግን «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» አትበሉ

ይህን ከጠየቃችሁ የምታገኙት ንግግር ነው። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሬዲዮ ላይ የሰማችሁትን ይደግሙላችኋል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ። «አባባ፣ ያን ቀን ምን በልታችሁ ነበር?» «ጫማ ነበራችሁ?» «ደብዳቤ ማን ይጽፍላችሁ ነበር?» «ማታ ምን ታወሩ ነበር?» እማማን ደግሞ «ሲሄድ ምን ቋጠሩለት?» በሏቸው። በሶ ይሁን፣ ቆሎ፣ ወይስ ጭኮ? ጭኮ ካሉ ቅቤውን ከየት እንዳመጡት ጠይቁ። ምናልባት ያገኛችሁት ታሪክ እሱ ነው።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቡና ወይ ስኳር ያዙ። ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ኦሮምኛ የሚቀናቸው ከሆነ በኦሮምኛ ይንገሯችሁ፤ ካልሰማችሁ የሚሰማ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ሰው በቀናው ቋንቋ ሲያወራ ነው ቀልዱ የሚመጣው። በጦርነት ታሪክ ውስጥ ቀልድ ወርቅ ነው።

ዝም ካሉ ዝም በሉ። ወሬውን ከቀየሩ ተከተሏቸው። አትጎትጉቱ። አንዳንዱ ሰው 40 ዓመት ያልተናገረው ነገር አለው። ለእናንተ የቤት ሥራ ብሎ የመናገር ግዴታ የለበትም።

ከቻላችሁ በሌላ በኩል ያየውንም ሰው ስሙ። አዳማ ውስጥ የሶማሌ ቤተሰቦች አሉ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ እዚያ የነበረ ሰው ወይም ልጁ ሊገኝ ይችላል። ከእሱ ጋር አንድ ሻይ ከጠጣችሁ በኋላ ጠላቱን «አውሬ» ብላችሁ ለመጻፍ እጃችሁ እሺ አይላችሁም።

5. ጻፉ፤ ከዚያ የመጨረሻውን መስመር ሰርዙ

ጊዜውን አሳጥሩት። ከጠዋት እስከ ማታ ይበቃል። ዘመቻውን ከነመነሻው ልተርክ ካላችሁ የታሪክ ደብተር ይሆናል። እንዲህ ጀምሩት፦

ባቡሩ ዛሬም ቀረ። ልጅቷ እንቁላሎቹን ደግማ ቆጠረች። ሃያ። ትናንትም ሃያ ነበሩ። ቤት ስትደርስ እናቷ ከምድጃው ቀና አላለችም።

«አልመጣም?»

«ባቡሩ? አልመጣም።»

እናቷ ጭሱን በእጇ ገፋች። ስለ ባቡሩ አልነበረም የጠየቀችው።

አሁን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰርዙ። ጭሱ ላይ አቁሙት። አንባቢ ሞኝ አይደለም፤ እናትየው ምን እንደጠየቀች ገብቶታል። የኛ ተማሪ ትልቁ ችግር ይህ ይመስለኛል። ጥሩ ትዕይንት ይሠራና አጠገቡ ቆሞ ያስረዳል።

ፉከራና ቀረርቶ ከፈለጋችሁ ሽኝቱ ላይ አስገቡ፤ የኦሮሞ ቤት ከሆነ ገረርሳ ይሁን። ሁለት ስንኝ ይበቃል። ስንኙን ራሳችሁ ግጠሙ እንጂ ከዘፈን አትውሰዱ።

6. መርዶ ላይ ቀስ በሉ

የኛ አገር ጦርነት ቤት የሚገባው በመርዶ ነው። እኛ መርዶ እንዴት እንደምንናገር ታውቃላችሁ። ሌሊት አይነገርም፤ ንጋት ይጠበቃል። ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ ሰው በፊት ያውቃል። ማታ ያው ጎረቤት መጥቶ ቡና ይጠጣል፣ ይስቃል፣ «ደህና እደሩ» ብሎ ይሄዳል። ሳይነጋ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመለሳል። ያቺን ማታ ጻፏት። አንዲት ሴት ወሬውን በአፏ ይዛ ሦስተኛውን ስኒ ስትጠጣ እጇ ምን ያደርጋል? ስኳር ትጨምራለች? ሁለቴ ትጨምራለች?

ከዚህ የባሰው መርዶ ያልመጣበት ቤት ነው። ሬሳ የለም፤ ወረቀት የለም፤ ያየ ሰው የለም። ለቅሶ አይቀመጡ፣ ተስፋ አይቆርጡ። የክርስቲያን ቤት ከሆነ ተዝካር ማውጣት ልጁን በእጅ እንደመግደል ይሆንባቸዋል። የሙስሊም ቤት ከሆነ ዱዓው ለምን እንደሚደረግ፣ ለመመለሱ ይሁን ለነፍሱ፣ አባትና እናት አይስማሙ ይሆናል። የትኛው ቤት እንደሆነ ለዩ፤ «አንድ ቤተሰብ» ብሎ ማለፍ አይሠራም። እንዲህ ያለ ቤት በር ሲንኳኳ ማን ይነሳል? ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው የሚነሳው። እሱን ፈልጉት።

ጦርነቱ አልቆ ልጁ እየሮጠ በር ላይ ሲደርስ የሚያልቅ ታሪክ ግን ይቅርባችሁ። በሚኒ ሚዲያ በቂ ሰምተናል።

7. ማረም

«ጥይት እንደ ዝናብ ዘነበ»፣ «ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ»፣ «ምድር ቀውጢ ሆነች»፤ እነዚህን ፈልጋችሁ አውጡ። ባወጣችሁበት ቦታ አንድ ድምፅ ወይም አንድ ሽታ አስገቡ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። 10 ደቂቃ ካለፈ እረፍት ላይ የሚያዳምጣችሁ የለም፤ ሁሉም ሳምቡሳ ሊገዛ ይሄዳል።

ከማንበባችሁ በፊት የነገሯችሁን አባት ወይም እናት ሰፈር ሄዳችሁ አንብቡላቸው። ስም ቀይሩ ካሉ ቀይሩ። ይህቺን አውጡልኝ ካሉም አውጡ፤ ምንም ያህል ብትወዷት። ጫማው እንዲህ አልነበረም ብለው ካረሟችሁ ደግሞ ደብተራችሁን ክፈቱ፤ ገና ማውራት ሊጀምሩ ነው።