ከአረብ አገር የተመለሰችን ልጅ ስንቀበል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ልጅቷ ከመጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻ ቀርቧል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። እሷ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አንዷ እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እስቲ ንገሪን ልጄ፣ ምን ምን አደረጉሽ?» አሏት። የጠየቁት አዝነውላት ነው። ልጅቷ ጀመረች። መሃል ላይ ድምጿ ተቆረጠ፣ ጣቶቿ የነጠላውን ጥለት መፈተል ያዙ። «አይዞሽ፣ ቀጥዪ፣ ይውጣልሽ» ተባለች። ቀጠለች። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከዚያ ወዲያ የቡና ሙቀጫ ሲሰማ ከቤት ትወጣ ጀመር።

ከስደት ተመላሾች ጋር በምክር ሥራ ላይ ስቆይ ይህን ስንቴ እንዳየሁት ቁጥሩን ትቼዋለሁ። ስለ ሴቶቹ የምጽፈው አብዛኛው ሥራዬ ከነሱ ጋር ስለሆነ ነው። በየመን በኩል ተጉዘው ለተመለሱት ወንዶችም ያው ነው።

«ይውጣልሽ» እያሉ ማስወራት

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለቅሶ ቤት ያላለቀሰ ሐዘንተኛ ያስፈራናል። አልቅሶ ይቅለለው እንላለን። ጥቃትና ግፍ የደረሰበት ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሳይረጋጋ ሲያወራው ሰውነቱ ነገሩ አሁን እየደረሰበት ያለ ይመስለዋል። ልቡ ይመታል፣ እጁን ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ፍዝዝ ብሎ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሌለ ያህል ይሆናል።

ባለሙያዎችም እዚህ ላይ ተሳስተው ያውቃሉ። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም እንዲዘረግፍ ማድረግ ይጠቅማል ተብሎ ይሠራበት ነበር። ሲጠና አልጠቀመም፤ የባሰባቸውም ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመጀመሪያ የስነ ልቦና እርዳታ መመሪያ የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። በልታለች ወይ? ቁስል አላት ወይ? የምታድርበት አስተማማኝ ነው ወይ? እሱን ማየት ነው። ካወራች መስማት። ከዚያ ከሚያስፈልጋት ሰው ወይም ቦታ ጋር ማገናኘት። «አስወሯት» የሚል እዚያ ውስጥ የለም።

ራሷ ማውራት ከፈለገችስ? አንድ የምታምነው ሰው ይስማት። ስታቆም ይቁም። «እና ከዚያስ?» አይበላት። በስልክ የምትቀርጹ ደግሞ እባካችሁ ተዉ! ፊቷን ሸፍናችሁም ቢሆን። ያ ቪዲዮ እሷ ካገገመች በኋላም ከስልክ ስልክ ይዞራል። አንድ ቀን ሰርጓ ላይ የሚጠራ ሰው ስልክ ውስጥ ይገኛል።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

አትጠይቋት። ሻንጣዋን አይታችኋል። የደላላው ዕዳ እሷንም እንቅልፍ ይነሳታል፣ ለማንሳት አትቸኩሉ።

በር መዝጋት

ይህ የራሴ ስህተት ነው። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። አንዷን ልጅ ሚስጥሯ ይጠበቅ ብዬ በሩን ዘጋሁና ቁልፉን አዞርኩት። ዓይኗ ቁልፉ ላይ ቀረ። የጠየቅኳትን ሁሉ «እሺ» ብቻ ትላለች። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «የተረጋጋች፣ ተባባሪ» ብዬ ጻፍኩ። ማዳሟ ከውጭ ቆልፋባት ትሄድ እንደነበር የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው።

አሁን በሩ ገርበብ ይላል። ለበሩ የሚቀርበው ወንበር የእሷ ነው። ቤትም እንዲሁ አድርጉ። የመኝታ ክፍሏን ቁልፍ ለራሷ ስጧት። ከኋላዋ መጥታችሁ አትንኳት። ፓስፖርቷን «እኔ ላስቀምጥልሽ» አትበሏት፤ ይህንን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታዋለች።

«እርሺው፣ አልፏል»

አንዲት እናት ልጃቸውን ለመቀበል ቤቱን በበረኪና ወልውለው አሳመሩት። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ደርሳ ቆመች፣ መግባት አቃታት። እናትየው ቤታችንን ናቀችው ብለው አለቀሱ። ልጅቷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመታ የኖረችው በረኪና በሚሸት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሽታው ሲመጣ ሰውነቷ ሳያስፈቅዳት ይደነግጣል። እንዲህ ያለውን በመርሳት አትገላገለውም። ምን እንደሚያስደነግጣት ቀስ ብላችሁ ተረዱና፣ ለጊዜው ሳሙና ተጠቀሙ። ስትደነግጥም የት እንዳለች ንገሯት፦ «ቤትሽ ነሽ፣ እኔ እናትሽ ነኝ፣ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ።»

የእንቅልፍ ኪኒን ከጎረቤት

ዲያዚፓምና መሰሎቹን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጧት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከጉዳቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤው ብሎ እነዚህን መድኃኒቶች ለአዋቂ መስጠትን አይመክርም። ሱስም አላቸው።

ጸበል ወይስ ሐኪም ብሎ መጨቃጨቅ

ሁለቱም ይሁኑ። ጸበል የሚያጽናናት ከሆነ ትሂድ፣ የታዘዘላትን መድኃኒት ግን በራሷ አታቋርጥ። ማሰርና መምታት ካለበት ቦታ ግን አውጧት።

ሁሉንም በሽተኛ ማድረግ፣ ወይም ጨርሶ መዘናጋት

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነን፣ ማልቀስ፣ ብቻ መሆን መፈለግ የሚጠበቅ ነው። አብዛኛው ሰው ሰላም ካገኘ፣ ከበላና ከተኛ፣ ዘመድ ካልራቀው እየተሻለው ይሄዳል። ቅዠቱ፣ ድንጋጤውና ሽሽቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ከሥራ ወይም ከሰው ካራቃት ግን ሐኪም ይያት። ሕይወቷን ስለ ማጥፋት ካነሳች ቀን አትቁጠሩ፣ ያኔውኑ ውሰዷት። ከጠረጠራችሁም በቀጥታ ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርባትም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ።

በቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «አማኑኤል ገባች ይሉናል» ብሎ ልጅን ቤት መደበቅ ብዙ ዓመት አስከፍሏል። መጠለያ ለሌላት፣ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ተመላሽ ሴቶችን የሚያሳርፉ ድርጅቶች አሉ።

ሕክምናው ላይ ታሪኳን የምታወራበት ጊዜ ይመጣል። እሱ ግን ሲዘጋጁበት ቆይቶ፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር፣ በእሷ ፍጥነት ነው። በአንዱ ዘዴ ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል። ገመዱ ዕድሜዋ ነው። ለደግ ቀን አበባ፣ ለክፉ ቀን ድንጋይ ታስቀምጣለች። ገና ያልኖረችው ዕድሜ ጫፉ ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አንዷ የመጀመሪያውን አበባ ያስቀመጠችው አያቷ ጠላ ሲጠምቁ ጌሾ ለወቀጠችበት ቀን ነበር። ድንጋዮቹ ጋ ለመድረስ አራት ቀጠሮ ፈጀብን።

ለቀጠሮ አብራችኋት ሂዱ። ውጭ አግዳሚው ላይ ጠብቋት። ስትወጣ «ምን አለሽ?» አትበሏት፤ ርቧት እንደሆነ ጠይቋት።