ስለ እንስሳት ስታጠኑ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ባዮሎጂ ለጀመራችሁ የደብረ ብርሃን፣ የመንዝ፣ የአንኮበር ልጆች፣ እንስሳት ላይ ሁሌ የሚያምታቱ ነገሮች አሉና አንድ በአንድ እንያቸው፣ ምሳሌውን ከራሳችን አገር ነው የማመጣው ምክንያቱም መንዝ ያለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ፣ ጓሳ፣ አጠገባችሁ እያለ ስለ ካንጋሮ ብቻ ማንበብ ያሳዝናል።

የመጀመሪያው እንስሳ ሲባል በግ፣ ላም፣ ጅብ ምናምን ብቻ ማሰብ ነው። የምድር ትልም እንስሳ ነው፣ ቢራቢሮም፣ ባህር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ስፖንጅ ራሱ እንስሳ ነው። ሰውነቱ ከብዙ ሴል የተሰራ፣ ሴሉ ግድግዳ የሌለው፣ ምግቡን እንደ ተክል መስራት ስለማይችል ሌላውን የሚበላ ከሆነ እንስሳ ነው። እስካሁን ከታወቁት ዝርያዎች ውስጥ የጀርባ አጥንት ያላቸው 5 በመቶ እንኳን አይሞሉም፣ ነፍሳት ግን ብቻቸውን ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ሌላው በመልክና በአኗኗር መመደብ ነው። የሌሊት ወፍ ስለበረረች ወፍ አትሆንም፣ ፀጉር አላት፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች፣ በቃ አጥቢ ናት። ጅብም ውሻ ይመስላል እንጂ ዝምድናው ለድመት ወገን ነው የሚቀርበው። ደሞ ፆታው ይቀያየራል የሚባለውን እንዳታምኑ፣ የሴቷ ብልት የወንድ ስለሚመስል ነው፣ እንደውም ማታ የምንሰማው ጅብ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት።

ጭላዳና ዝንጀሮ አንድ ናቸው ማለት ደሞ በጣም የሚያናድደኝ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ጭላዳ ቴሮፒቴከስ ከሚባል ወገን ነው፣ ከዛ ወገን ሌሎቹ በሙሉ ጠፍተው ቅሪተ አካላቸው ብቻ ነው የሚገኘው፣ ዛሬ በህይወት ያለው እሱ ብቻ ነው ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። ዝንጀሮ ያገኘውን ይበላል፣ ጭላዳ ግን ዋና ምግቡ ሳር ስለሆነ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ሲበላ ይውልና ማታ ገደል ላይ ያድራል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ነገርም ቁስል ሳይሆን ፀጉር አልባ ቆዳ ነው፣ ሴቶቹን የያዘው ወንድ ላይ ይበልጥ ይቀላል።

ሸረሪትና መዥገርን ነፍሳት አትበሉ፣ ነፍሳት 6 እግር ነው ያላቸው፣ እነሱ ካደጉ 8። ምስጥም የጉንዳን ሳይሆን የበረሮ ዘመድ ነው።

የመጨረሻው ቀይ ቀበሮን የበግ ጠላት ብቻ አድርጎ ማየት ነው። በአለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፣ ዋና ምግባቸውም አይጥና ፍልፈል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የጓሳ ጥናት ላይ ቀበሮው ጭላዳ መሃል ገብቶ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ፣ ጭላዳዎቹም አብዛኛውን ጊዜ አይሸሹትም። እሱን በብዛት የሚጨርሰው ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ስለዚህ ጓሳ ዙሪያ ያላችሁ እባካችሁ ውሾቻችሁን አስከትቡ፣ ወደ ሜዳውም ይዛችኋቸው አትውጡ።