ትልቁን ወንበር ስትመኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ለትልልቅ ሰዎች እንግዳ አይደለችም። የአፍሪካ ጸጥታ የሚመከርበት ጣና ፎረም በ2012 ከተጀመረ ወዲህ የቀድሞ መሪዎች፣ የዩኤን ሹማምንትና የኢኮኖሚ ሊቃውንት ተመላልሰውባታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ፎረሙን ለዓመታት በሊቀመንበርነት የመሩት የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ ናቸው። ኮፊ አናንም በ2016 መጥተው ተናግረዋል። የከተማው ልጅ የሚያየው ግን የታጀበውን መኪናና አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ነው። ከዚያ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም ጥያቄው ይመጣል፤ «እዚያ፣ የትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ተቋማት ወንበር ላይ፣ ለመድረስ ምን ላድርግ?» ሲቪያቸውንም «እስቲ እየው» ብለው ይልኩልኛል። አያለሁ። የሚደጋገሙትን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ታሪኩን ከመጨረሻው መጀመር

ኮፊ አናን ሲባል ሁሉም የሚያውቀው የዩኤን ዋና ጸሐፊውንና የ2001ዱን የኖቤል ሽልማት ነው። በ1962 ሥራ ሲጀምሩ ግን ጄኔቫ በሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የበጀት ሠራተኛ ነበሩ። ደረጃቸው ፒ-1። በባለሙያ መደብ ከዚያ በታች የለም። ቀጥሎ አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዓመታት ሠሩ። መሃል ላይ ወደ አገራቸው ጋና ገብተው የቱሪዝም ልማት ድርጅት መሩ። ብዙ አልቆዩም፣ ወደ ዩኤን ተመለሱ። ከዚያ የስደተኞች ኮሚሽን የሰው ኃይል፣ ከዚያ ኒውዮርክ፣ በጀት፣ እንደገና የሰው ኃይል፣ እንደገና ገንዘብ። ዋና ጸሐፊ የሆኑት በ1997 ነው። ከመጀመሪያው ቀን 35 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አብዛኛው ዕድሜያቸው ያለቀው በጀትና ሰው ኃይል ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ማንም ፌስቡክ ላይ የማይለጥፈው ሥራ ነው። ግን ገንዘቡ ከየት ገብቶ የት እንደሚወጣ፣ ማን የት አገር ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ስብሰባ ላይ በቀላሉ አይሸወድም። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ኢራቅ ውስጥ የቀሩትን ከ900 በላይ ዓለም አቀፍ ሠራተኞችና የምዕራብ አገር ዜጎች እንዲያስወጡ የተላኩት አናን ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠው ፋይሉን ለሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ፋይናንስ ቢሮ በጀት ክፍል የደረሰው ልጅ «እዚህ ተቀብሬ ቀረሁ» ሲለኝ አልስማማም። መቀበሩ የሚመጣው አምስት ዓመት ቁጥር እየሞላ አንድም ቀን «ይሄ መስመር ለምን በዛ?» ብሎ ካልጠየቀ ነው።

«ዓለም አቀፍ ግንኙነት ካልተማርኩ አይሆንም»

ይሆናል። ሣህለወርቅ ዘውዴ ፈረንሳይ፣ ሞንፔሊየ የተማሩት ተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ከዚያ በሴኔጋል፣ በጂቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር ሆኑ፤ ናይሮቢ ያለውን የዩኤን ጽሕፈት ቤት መሩ፤ በ2018 የአገር ፕሬዚዳንት ሆኑ። አይኤምኤፍን የመሩትና አሁን የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክን የያዙት ክሪስቲን ላጋርድ የሕግ ሰው ናቸው። ከ2012 እስከ 2019 ዓለም ባንክን የመሩት ጂም ዮንግ ኪም ሐኪም ናቸው።

ዘንዘልማ ግቢ ግብርና ለሚማሩት ደግሞ አንድ ሰው ልጨምር። አኪንዉሚ አዴሲና ናይጄሪያ ውስጥ፣ ኢፌ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኢኮኖሚክስ ተማሩ። አሜሪካ ሄደው ዶክትሬታቸውን ከያዙ በኋላ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሩዝ የሚያጠና ተቋም ገብተው በኢኮኖሚስትነት ሠሩ። አዎ፣ ሩዝ። ፎገራ ሄዶ የሩዝ እርሻውን ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ይገባዋል። በ2011 የናይጄሪያ የግብርና ሚኒስትር ሲሆኑ የመንግሥት ድጎማ ያለበት ማዳበሪያ በደላላ እጅ እየቀረ ገበሬው ጋ አይደርስም ነበር። የድጎማውን ኩፖን በሞባይል በቀጥታ ለገበሬው እንዲላክ አደረጉ። በ2015 የአፍሪካ ልማት ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ 2025 መሩት። ክረምት ሲገባ ማዳበሪያ ጠፋ፣ ተወደደ፣ ደላላ ገባበት የሚል ወሬ የማይጠፋው እኛ ሰፈር ነው። ጥናቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ምን ይባላል?

የአገር ቤት ሥራን እንደ ማረፊያ ማየት

ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ ዓለም ባንክ ውስጥ 25 ዓመት ያህል ሠርተዋል። ስማቸው የገነነው ግን ሁለት ጊዜ የናይጄሪያ ገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ነው። በ2005 የአበዳሪ አገሮች ስብስብ ከሆነው ከፓሪስ ክለብ ጋር ተደራድረው 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ሲቋጭ፣ ከዚያ ውስጥ 18 ቢሊዮን ያህሉ ተሰርዟል። የሩዋንዳው ዶናልድ ካቤሩካም የአፍሪካ ልማት ባንክን ከመያዛቸው በፊት ገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። እነዚህ ተቋማት አገርን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ውጭ ብቻ የኖረ ሰው ወረቀቱ ላይ ያለውን ያውቃል፤ ወረዳ ላይ ገንዘቡ የት እንደሚቆም አያውቅም።

«ጎበዝ ከሆንኩ ወንበሩ ይሰጠኛል»፣ ወይም «ሁሉም በዘመድ ነው»

ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ግን ትንሽ እውነት አላቸው።

የዩኤን ዋና ጸሐፊን ጠቅላላ ጉባኤው የሚሾመው የጸጥታው ምክር ቤት ሲያቀርብለት ነው። እዚያ ምክር ቤት ደግሞ አምስት አገሮች ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት አላቸው። በ1996 ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ከ15ቱ አባላት የ14ቱን ድጋፍ አግኝተው ነበር። አሜሪካ ብቻዋን ከለከለች፣ ሁለተኛ ዙር ቀረባቸው። ከዚያ በፊት፣ በ1981፣ ታንዛኒያዊው ሳሊም አሕመድ ሳሊም ነበሩ። በ22 ዓመታቸው ካይሮ አምባሳደር የሆኑ ሰው ናቸው። ቻይና በወንበሩ ላይ የነበሩትን ዋልድሃይምን ከለከለች፣ አሜሪካ ሳሊምን ከለከለች፤ ድምፁ ደግሞ ደጋግሞ ተሰጠ። በመጨረሻ ሁለቱም ገለል አሉና ወንበሩን ፔሬዝ ዴ ኩዌላር ወሰዱት። የእኛው እንዳልካቸው መኮንንም በ1971 ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

ዓለም ባንክና አይኤምኤፍ ሌላ ጉድ አላቸው። ባንኩን አሜሪካዊ፣ አይኤምኤፍን አውሮፓዊ ይመራዋል የሚል ያልተጻፈ ልማድ እስካሁን አልተሰበረም። በ1944 ብሬተን ዉድስ ላይ ተቋማቱ ሲመሠረቱ ኢትዮጵያ ከ44ቱ አገሮች አንዷ ሆና ተቀምጣ ነበር፤ ለወንበሩ ግን ያ አይረዳም። ኦኮንጆ-ኢዌላ በ2012 ለባንኩ ተወዳድረው የተሸነፉት እዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

ታዲያ ብቃት ዋጋ የለውም? አለው እንጂ። ሳሊም ኒውዮርክን ቢያጡም ከ1989 እስከ 2001 አዲስ አበባ ተቀምጠው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሩ። ኦኮንጆ-ኢዌላም በ2020 ለዓለም ንግድ ድርጅት ሲወዳደሩ የትራምፕ አስተዳደር አግዷቸው ነበር። አስተዳደሩ ሲቀየር እገዳው ተነሣ፤ በማርች 2021 የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ወንበሩን ፖለቲካ ይሰጣል፣ ይነሣልም። ቀኑ ሲመጣ ስማችሁ ጠረጴዛው ላይ እንዲኖር የሚያደርገው ግን ከዚያ በፊት የሠራችሁት ነው።

ደጃችሁ ያለውን አለማንበብ

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሚላክልኝ ሲቪ ብዙ ጊዜ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም» ይላል። ቃላቱ እንደ እምቦጭ ገጹን ሸፍነውት ከሥሩ ያለው ሰው አይታይም። ቀጣሪ ማወቅ የሚፈልገው ስለ ምን ጉዳይ ከሌላው የተሻለ እንደምታውቁ ነው።

ቆጋን ውሰዱ። ከባሕር ዳር በመኪና ብዙም ሳትርቁ፣ መርዓዊ ላይ ነው። ግድቡና 7,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነው መስኖ የተሠራው በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ነው። ባንኩ ስለ ፕሮጀክቱ ያወጣውን ሰነድ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። አውርዱት። ምን ታቅዶ ነበር፣ ስንት ወጣ፣ ምን ዘገየ የሚለውን እያያችሁ አንብቡ። ከዚያ መርዓዊ ሄዳችሁ ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለውን ገበሬ ውኃ ይደርሰው እንደሆነ ጠይቁት። ሰነዱና ገበሬው የማይገጥሙበትን ቦታ በሁለት ገጽ ጻፉ። የባንክ ኢኮኖሚስት ሥራው በአብዛኛው ይኸው ነው፤ በጥሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሠራዋል እንጂ።

ዲፕሎማሲ ለሚወዱትም ዓባይ ከጣና የሚወጣው ከተማችሁ ላይ ነው። ሆኖም በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ውኃውን ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ እንዳልነበረችበት፣ በ2010 ለፊርማ የቀረበው የተፋሰሱ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ እንደዋለ የሚነግረኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ስለ ዩክሬን ግን ሁሉም ተንታኝ ነው።

ፈረንሳይኛን መርሳት

አጭር ነው። የዩኤን ይፋዊ ቋንቋዎች ስድስት ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቱ በየቀኑ የሚሠራባቸው ግን እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው። አፍሪካ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ፈረንሳይኛ ከሌለው ዳካርም ኪንሻሳም በአስተርጓሚ ነው የሚኖረው። እንግሊዝኛችሁን አሳምሩ፤ ጎን ለጎን ይህንን ጀምሩ።

ለቅጥር ገንዘብ መክፈል

ቴሌግራም ላይ «ዩኤን እናስገባለን፣ የፎርም ይህን ያህል» የሚል ካያችሁ እለፉት። ዩኤን በማመልከቻም፣ በቃለ መጠይቅም፣ በሥልጠናም ሰበብ ከአመልካች አንድ ብር አይቀበልም። የባንክ ቁጥራችሁንም አይጠይቅም። ክፍት ቦታ የሚፈለገው ድርጅቱ ራሱ ባለው የቅጥር ገጽ ላይ ነው።

ለጀማሪዎች የተከፈተው በር የወጣት ባለሙያዎች ፕሮግራም ይባላል። ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ዕድሜ ከ32 መብለጥ የለበትም፤ ፈተና አለው። የሚሳተፉት አገሮች ዝርዝር ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት መኖሯንና የፈተናው የሙያ ዘርፍ የእናንተ መሆኑን ሳታረጋግጡ ለጥናት ከሥራ ፈቃድ አትጠይቁ።